የትኛው ሞተር፣ ከየትኛው ካምቢዮ ጋር?

የመኪና አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች የመጡት ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከገላንና ከቡራዩ ነው። ጸሐፊዎቹ የሚኖሩት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የሚሠሩት ደግሞ መሀል ከተማ ስለሆነ፣ መኪናቸው በቀን ሁለት ጊዜ ዳገቱንና ወረፋውን፣ በበጋ ደግሞ አቧራውን ይቀምሳል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ፣ የአውሮፓ ሴዳን የሚፈልግ ሰው መምረጥ የሚችለው እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዘዋወሩት መካከል ብቻ ሆኗል። በዚህ የተነሳ ከ10 እና ከ15 ዓመት በፊት የተሠሩ ሞተሮችና ካምቢዮዎች ዛሬም የሞቀ ክርክር ያስነሣሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል፤ የመኪኖቹ የምርት ዘመን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከለገጣፎ

«ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ቤቴ ለገጣፎ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ በየ15 ቀኑም እናቴን ለመጠየቅ አዳማ እወርዳለሁ። አቅሜ የሚፈቅድልኝን ሦስት መኪኖች አይቻለሁ፤ እነሱም የ2010 መርሴዲስ ኢ 200 ሲጂአይ፣ የ2007 ቢኤምደብሊው 525አይ እና የ2012 አውዲ ኤ6 ባለ 2.0 ቲኤፍኤስአይ ናቸው። ሦስቱም አውቶማቲክ ናቸው። ደላላው ‹ለዳገት ስድስት ሲሊንደር የመሰለ የለም› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹ሲሊንደር መቁጠሩን ትተህ ካምቢዮውን እይ› ይለኛል። የማንን ምክር ልስማ?»

የወንድምዎን ይስሙ። ደላላው የተናገረው ነገር በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው እውነት ነው፤ ለገጣፎ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ያለ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ የሚያስገባለት መዘውር ሳይኖረው፣ በራሱ እስትንፋስ የሚሠራ ሞተር አየር ሲያንሰው ነዳጁንም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን እዚህ ያጣል። ስድስት ሲሊንደሩ 525አይ በፋብሪካ ወረቀቱ ላይ 218 የፈረስ ጉልበትና 250 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል አለው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ 165 የፈረስ ጉልበትና ወደ 190 ኒውተን ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ኢ 200 ሲጂአይ በአንጻሩ 1.8 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ግን ባለ ቱርቦ ነው። በወረቀት 184 የፈረስ ጉልበትና በደቂቃ ከ1,800 ዙር ጀምሮ 270 ኒውተን ሜትር ሲኖረው፣ አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሩ ቱርቦውን ይበልጥ በማሽከርከር የጎደለውን አብዛኛውን ይሞላል። ስለዚህ ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወጣው መንገድ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢነዷቸው፣ በባሕር ጠለል ላይ ደካማ የሚባለው መርሴዲስ ከታች ጀምሮ ጠንከር ብሎ ሲጎትት ያገኙታል። ስድስቱ ሲሊንደር ትንፋሹ መለስ የሚልለት ወደ አዳማ ሲወርዱ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል፣ በፈጣኑ መንገድ ላይ የዚያን ሞተር ልስላሴና ድምፅ የሚያክል ነገር ከሦስቱ ውስጥ የለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደላላውን እበድላለሁ።

ቱርቦም ቢሆን ዕዳ አለበት። በቀጭን አየር የጎደለውን ለመሙላት በባሕር ጠለል ከሚሽከረከርበት ፍጥነት በላይ ስለሚሽከረከር ይበልጥ ይግላል፤ ሙቀቱን የሚሸከምለት ደግሞ የሞተር ዘይቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለእነዚህ መኪኖች የሚፈቀደው 15,000 እና 25,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የዘይት መቀየሪያ ርቀት ለእኛ ወረፋና አቧራ የታሰበ አይደለም። እኔ ከ7,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር እመክራለሁ፤ ዘይቱም ሙሉ ሲንተቲክ ሆኖ፣ ለመርሴዲስ በጣሳው ላይ «ኤምቢ 229.5» የሚል ማረጋገጫ የተጻፈበት ሊሆን ይገባል።

የዚህ መርሴዲስ ሞተር መጠሪያ ኤም 271 ሲሆን፣ የታወቀ ደካማ ጎኑ ካቴና የምንለው፣ የቫልቮላዎቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ሰንሰለት ነው። ከቀድሞዎቹ የመርሴዲስ ሞተሮች ድርብ ሰንሰለት በተለየ ነጠላ መስመር ስለሆነ ከጊዜ ብዛት ይለጠጣል፤ ካምሻፍቱ ላይ ያሉት የማስተካከያ ጥርሶችም አብረው ይበላሉ። ዘይቱ ዘግይቶ ሲቀየር የኖረ ሞተር ላይ ችግሩ ቶሎ ይመጣል። ሰንሰለቱ ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑና ቫልቮላው ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረድ ነው። ደግነቱ በሽታው ከመግዛትዎ በፊት ራሱን በድምፅ የሚያሳብቅ መሆኑ ነው። አዳር ቆሞ የቀዘቀዘው ሞተር ሲነሣ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰጠ፣ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ በአንድነት መቀየር እንዳለባቸው ቆጥረው ዋጋውን ይደራደሩ፤ ወይም ይተዉት።

ይህን ድምፅ መስማት ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ሰሚት አካባቢ የአውሮፓ ሴዳን ሊገዛ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ፤ የመኪናውን ስም ልተወው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን፤ ጉሙ ገና አልተገለጠም፣ የግቢው ሣር እንደ ረጠበ ነው፤ እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ ግን ብረቱ እንደ ምጣድ ሞቋል። ሻጩ ፈገግ ብሎ «እንዳትቸገሩ ብዬ አሙቄ ጠበቅኳችሁ» አለን። አመስግነን ተመለስን፤ በማግስቱ ሳንደውል በ12 ሰዓት ሄድን። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ውስጥ በጣሳ ሳንቲም የሚያንቀጠቅጡ ያህል ድምፅ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተሰማ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጸጥ አለ። ወዳጄ መኪናውን አልገዛውም። እርስዎም ኮፈኑን በእጅዎ ሳይዳስሱ ሞተሩ እንዲነሣ አይፍቀዱ።

ካምቢዮውን በተመለከተ፣ በ2010 የተሠራው ኢ 200 ሲጂአይ የያዘው መካኒኮቻችን በደንብ የሚያውቁትን ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ ባለ ሰባቱ ወደዚህ ሞተር የመጣው ቆየት ብሎ ነው። ሰባቱ ከአምስቱ ይበልጣል ብለው አይዘኑ። ባለ አምስቱ፣ በቁጥሩ 722.6፣ ከ1996 ጀምሮ በብዙ የመርሴዲስ ዓይነቶች ላይ የተገጠመ ካምቢዮ በመሆኑ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ላይ ይገኛል፤ ያገለገለውም ቢሆን አይጠፋም። ዋናው ሕመሙ ከጎኑ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሶኬት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ማለፉ ነው። ዘይት በሶኬቱ በኩል ወደ ሽቦው ይገባና፣ በሽቦው ውስጥ እየሳበ እስከ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ሶኬቱ ርካሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ርካሽ አይደለም።

ወደ 525አይ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ደላላው የማይነግርዎ ትልቅ ጉዳይ አለ። በ2007 አካባቢ «525አይ» ተብለው ከተሸጡት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሞተሮች አሉ። አንደኛው ኤን 52 የሚባለው፣ ነዳጁን ከቫልቮላው በፊት የሚረጭ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤን 53 ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። ኤን 53 ነዳጅ ለመቆጠብ በቀጭን ውሕድ ስለሚነድ ጭሱን የሚያጣራለት ካታላይዘር በድኝ በቀላሉ ይመረዛል፤ ኩባንያውም ቤንዚናቸው ብዙ ድኝ በነበረባቸው አገሮች፣ አሜሪካን ጨምሮ፣ ይህን ሞተር ሳይልክ ኤን 52ን መሸጥ ቀጥሏል። ለኛ የሚሆነው የቱ እንደሆነ ከዚህ መረዳት አያዳግትም። ሁለቱም 218 የፈረስ ጉልበት ተብለው ስለተጻፉ በጉልበት አይለዩም፤ የሚለዩት በሲሲ ነው። ሊብሬውን ገልጠው የሞተሩን ይዘት ይመልከቱ፤ 2,497 ከሆነ ኤን 52 ነው፤ 2,996 ከሆነ ደግሞ መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ካልሆነ በቀር ኤን 53 ነው ብለው ይጠርጥሩና በሻንሲ ቁጥሩ ያረጋግጡ።

ኤን 52 ጥሩ ሞተር ነው፤ ሆኖም ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የሞተሩ አካል ከማግኒዥየምና ከአልሙኒየም የተሠራ በመሆኑ የሚታሰርባቸው ቡሎኖችም የአልሙኒየም ናቸው፤ አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ እንጂ ተመልሰው አይታሰሩም። የውኃ ፖምፓው በቺንጋ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፣ ሲሞት ሳያፈስና ሳይጮህ ይሞታል። ሞተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብሎ ከ100 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ይሠራል፤ በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ካስታወሱ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ እዚህ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይገባዎታል። አንዳንድ ጋራዦች መኪና በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። በዚህ ሞተር ላይ እንዲህ ካደረጉ ኮምፒውተሩ ስሕተት ይመዘግባል፣ ነዳጁ ይጨምራል፣ የመሞቁም ምክንያት ሳይነካ ይቀራል። ካምቢዮው ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ባለ ስድስት ማርሽ ነው፤ በጤናው እያለ ከሦስቱ መኪኖች እጅግ ለስላሳው እሱ ነው።

አውዲው ላይ ብዙ አልቆይም። ሞተሩ ባለ ቱርቦ በመሆኑ ከፍታውን ይችላል፤ በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ባለ 2.0 ግን በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) የተነሣ ዘይት በመጠጣት ይታወቃል። የሚያስጨንቀኝ ካምቢዮው ነው። የፊት ጎማ ነጂ የሆነው የ2012 ኤ6 በአብዛኛው የሚመጣው መልቲትሮኒክ ከተባለው ጋር ሲሆን፣ ይህ ቋሚ ማርሽ የሌለው፣ በሁለት መዘውሮች መካከል በሚሄድ የብረት ሰንሰለት የሚሠራ ካምቢዮ ነው። ሌሎቹ ሁለት መኪኖች ያላቸው ቶርክ ኮንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል፣ እሱ የለውም፤ መኪናው ሲነሣና በወረፋ ሲንፏቀቅ ጫናውን የሚሸከመው በዘይት የተነከረ ፍሪሲዮን ነው። ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ የሚንሸራተተው ዘይት ስለሆነ ሙቀቱ በራዲያተር ይወጣል። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ግን ራሱ ይበላል። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ያለውን የማታ ወረፋ አስበውት ያውቃሉ? ኩባንያው ራሱ መልቲትሮኒክን በ2014 አቁሞ በሌላ ተክቶታል።

ስለዚህ ለእርስዎ ጉዞ የምመርጠው ሰንሰለቱ የተቀየረለት ወይም በጠዋት ፈተና ያለፈ ኢ 200 ሲጂአይ ነው። እንዲህ ያለውን ካጡ 2,497 ሲሲ የሆነውን 525አይ ይውሰዱ፤ ዳገቱ ላይ ትዕግሥት ይጠይቅዎታል፤ አዳማ መንገድ ላይ ግን ይክስዎታል። ለእናትዎ ሰላምታ ያድርሱልኝ።

ከሱሉልታ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በየቀኑ ከሱሉልታ ፒያሳ እመላለሳለሁ። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ‹ለእንጦጦ ዳገት ናፍጣ እንጂ ቤንዚን አይገዛም› ይለኛል። የ2010 ቢኤምደብሊው 520ዲ እና የ2010 መርሴዲስ ኢ 220 ሲዲአይ ቀርበውልኛል፤ ሁለቱም አውቶማቲክ ናቸው። የቱ ይሻለኛል?»

አባትሽ ስለ ጉልበቱ ልክ ናቸው፤ ለእንጦጦ የናፍጣ ቱርቦ የሚያክለው የለም። 520ዲ 380፣ ኢ 220 ሲዲአይ 400 ኒውተን ሜትር አላቸው፤ ይህም ቀደም ሲል ለለገጣፎው አንባቢያችን ከጠቀስነው የቤንዚን ስድስት ሲሊንደር ኃይል በላይ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ዙር ስለሚገኝ ካምቢዮው ማርሽ እያወረደ አይጨነቅም። አባትሽ የነዱት ከባድ መኪና ያልነበረበትና እነዚህ ያለባቸው ነገር ግን አለ፤ እሱም የጭስ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው የሰበሰበውን ጥቀርሻ በ600 ዲግሪ አካባቢ ማቃጠል አለበት፤ ለዚህ ደግሞ መኪናው ሳይቆም በፍጥነት የሚሄድበት ረዘም ያለ መንገድ ያስፈልገዋል። ከሱሉልታ ፒያሳ ያለው ጉዞ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ወረፋ ስለሆነ ይህን ዕድል አይሰጠውም። ከዚህም ሌላ የአውሮፓ አምስተኛ ደረጃ ተብለው የተሠሩት ሞተሮች የታሰቡት በሚሊዮን ከ10 ክፍል ያልበለጠ ድኝ ላለው ናፍጣ ነው። ማጣሪያውን ቆርጦ መጣል የሚባለውን የሰፈር መፍትሔ አልመክርሽም፤ ጥቁር ጭሱን የሚተነፍሰው ከኋላሽ የሚሄደው ሰው ነው።

የ520ዲ ሞተር ኤን 47 ይባላል። ሰንሰለቱ ሲበላሽ በሁለት በኩል ያከስራል፤ ብልሽቱ እስከ 2011 በተሠሩት ላይ የታወቀ ነው፤ ሰንሰለቱ ደግሞ የሚገኘው ከሞተሩ ጀርባ፣ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት በቮላኖው በኩል በመሆኑ ለመቀየር ካምቢዮው ወይም ሞተሩ መውረድ አለበት። የመርሴዲሱ ኦኤም 651 ሰንሰለትም ከጀርባ ነው፤ ስሙ ግን በዚህ ጉዳይ እንደ ኤን 47 አልከፋም። የእሱ ወቀሳ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፒየዞ የተባሉት ኢንጀክተሮች (የነዳጅ መርጫዎች) ናቸው፤ ኩባንያው በኋላ ሶሌኖይድ በተባለው ዓይነት ተክቷቸዋል። ስለዚህ ከሁለቱ መርሴዲሱን እመርጣለሁ፤ ኢንጀክተሮቹ መተካታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ወይም የስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ውጤት ካለው ጋር። ከአንቺ ዝርዝር ውጭ ልውጣና፣ ከ2006 እስከ 2009 የተሠራውን የቀድሞውን ኢ 220 ሲዲአይ ብታገኚ ከሁለቱም በፊት እሱን እዪው። ሰንሰለቱ ከፊት ነው፣ ካምቢዮው ያው ባለ አምስት ማርሽ ነው፣ 400 ኒውተን ሜትሩም አብሮት አለ። በዕድሜ ይበልጣል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ትንሽ ቀን ያድራል።

ከገላን

«የ2013 ቢኤምደብሊው 528አይ አለኝ፤ 110,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ካምቢዮው ባለ ስምንት ማርሽ ነው። የመኪናው መመሪያ የካምቢዮው ዘይት ዕድሜ ልክ ነው ይላል። አንድ ጋራዥ ቀይረው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ‹ከነካኸው ካምቢዮው ይሞታል› ብሎ አስፈራራኝ። የቱ ነው እውነቱ?»

«ዕድሜ ልክ» ሲባል የማን ዕድሜ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። መኪናውን የሚሸጠው ኩባንያ የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ባለቤትና ስለ ዋስትናው ዘመን ነው፤ እርስዎ ግን ምናልባት ሦስተኛው ባለቤት ነዎት። ካምቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ ራሱ ግን ለዚህ ካምቢዮ የሚመክረው ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ወይም በስምንት ዓመት ዘይቱ እንዲቀየር ነው። እርስዎ በኪሎ ሜትሩም በዓመቱም ደርሰዋል፤ ያውም የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ያለው 110,000 ወደ ኋላ ያልተመለሰ ከሆነ ነው።

የሁለተኛው ጋራዥ ማስፈራሪያ ከየት እንደመጣ ልንገርዎ፤ ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ብዙ ባለቤቶች ዘይት ለመቀየር የሚመጡት ካምቢዮው መንሸራተት ወይም ማርሽ ሲገባ መምታት ከጀመረ በኋላ ነው። ፍሪሲዮኖቹ በልተው ካለቁ አዲስ ዘይት አይመልሳቸውም፤ ካምቢዮው ከሳምንት በኋላ ሲቆም ባለቤቱም መካኒኩም ጥፋቱን ዘይቱ ላይ ይጥላሉ። የእርስዎ ካምቢዮ አሁን በሰላም የሚሠራ ከሆነ የመቀየሪያው ጊዜ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የሞት ምክንያት ግን እውነተኛ የመካኒክ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ቃሊቲ ወደምሠራበት ጋራዥ በክሬን ተጭኖ የመጣ የጀርመን ሴዳን ነበር፤ ሌላ ቦታ ዘይት ከተቀየረለት አራት ቀኑ ነው። የኮፓውን (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ቡሎን ስፈታ የወጣው ዘይት ደማቅ ቀይ ነበር፤ ቀለሙ ያማረ ቢሆንም ለዚያ ካምቢዮ ከታዘዘው ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ፣ ለመሪ ፖምፓ የሚሸጥ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። መጠኑም አንድ ሊትር ከግማሽ ያህል ጎድሎ ነበር። ያን ካምቢዮ ማዳን አልቻልንም፤ ባለቤቱ ያገለገለ ገዝቶ አስገጠመ።

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እርስዎ ራስዎ ቆመው ያረጋግጡ። ለባለ ስምንቱ የታዘዘው ዘይት «ላይፍጋርድ 8» ወይም በጣሳው ላይ ለዚሁ ካምቢዮ መሆኑ የተጻፈበት አቻው ነው፤ ለባለ ስድስቱ የሚሆነው «ላይፍጋርድ 6» ሌላ ዘይት ነው፤ አይተካካም። ኮፓው ፕላስቲክ ሲሆን ማጣሪያው ከእሱ ጋር አንድ ሆኖ ተሠርቷል፤ አብሮ ይቀየራል፣ ቡሎኖቹም አዲስ ሆነው በመጠናቸው ብቻ ይጠብቃሉ፤ ከመጠን በላይ ከተጨመቀ ፕላስቲኩ ይጣመምና ያፈሳል። ካምቢዮው ውስጥ ዘይት መለኪያ ዘንግ የለም። ልኩ የሚታየው መኪናው በደልዳላ ቦታ ከአራቱም ጎማ ተነሥቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ እያለ፣ ትርፉ ከመሙያው ቀዳዳ ሲንጠባጠብ ነው። ሙቀቱን የሚያነበው ስካነር ነው፤ ስካነር ሳይሰካ «በእጄ ለመድኩት» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ። በአንድ ጊዜ ዘይቱ ሁሉ እንደማይወጣም ይወቁ፤ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ የሚቀረው አለ። እኔ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ብቻ ደግሜ እቀይራለሁ፤ ጥንቃቄዬ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ካምቢዮ ከመግዛት ዘይት መግዛት ይቀላል።

በደብዳቤዎ ጀርባ ስምንት ማርሽ ለእኛ አገር ይበዛ እንደሆነም ጠይቀዋል። አይበዛም። የዚህ ካምቢዮ የአንደኛ ማርሽ ምጣኔ 4.7 አካባቢ (ካምቢዮው አንድ ጊዜ እንዲያዞር ሞተሩ 4.7 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው) ሲሆን የባለ ስድስቱ 4.17 ነው፤ አንደኛው ይበልጥ አጭር በመሆኑ ዳገት ላይ ሲነሣ አይጨነቅም፤ የላይኞቹ ማርሾች ረጅም በመሆናቸው ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይሄዳል። ገላን ላይ ለሚኖር ሰው ሁለቱም በአንድ ቀን ያስፈልጉታል።

ከቡራዩ

«የ2005 መርሴዲስ ኢ 200 ኮምፕረሰር አለኝ። ከቤቴ ወደ አስፋልቱ የሚወጣው ኮረኮንች ዳገት ላይ ሲነሣ ይከብደዋል፤ ወደ ኋላ ስወጣም እንዲሁ። ሞተሩ ጤነኛ ነው ይሉኛል። ምን ይሆን?»

ከካምቢዮው ማስገቢያ አጠገብ «ኤስ» እና «ሲ» የሚል ቁልፍ አለ። «ሲ» ላይ ከሆነ መኪናው የሚነሣው ከአንደኛ ማርሽ ሳይሆን ከሁለተኛ ነው፤ የኋላ ማርሹም ሁለት ዓይነት ስላለው «ሲ» ላይ ረጅሙን ይወስዳል። ይህ የተደረገው በበረዶ ላይ ጎማው እንዳይሾር ነው፤ በረዶ ደግሞ ቡራዩ ላይ አይበዛም። «ኤስ» ላይ አድርገው ይሞክሩት።

የእርስዎ ሞተር በወረቀት 163 የፈረስ ጉልበት አለው። ኮምፕረሰሩ ግን እንደ ቱርቦ አይደለም፤ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር በተወሰነ ልክ ስለሚዞር የሚያጎለብተው ያገኘውን አየር ብቻ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ እሱም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ እዚህ ከፍታ ላይ ከአንደኛ ማርሽ መነሣት ለእርስዎ መኪና ትርጉሙ ትልቅ ነው። «ኤስ» ላይም ሆኖ ከከበደው፣ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን በአቧራ መታፈኑን ይዩ። ቀጥሎ ከአየር ማስገቢያው ሥር ያሉትን የጎማ የመተንፈሻ ቱቦዎች ያስፈትሹ፤ በሙቀት ደርቀው ስለሚሰነጠቁ ሞተሩ ያልተለካ አየር ይስባል። መካኒኩ በእጁ ጨመቅ አድርጎ ሲያጎብጣቸው ስንጥቁ ወዲያው ይታያል።